በእጅ ያለ ወርቅ፦ ላፕቶፓችሁ ራሙን በሙሉ ያውቀዋል?

የዚህ ሳምንት ጽሑፋችን በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ስለሚተኛ ዕቃ ነው፤ ስለ አሮጌ ላፕቶፕ። እንደ ልማዳችን አስቸጋሪ ቃላትን እየፈታን እንሄዳለን። በመጨረሻም የሳምንቱን ቃላት ታገኛላችሁ።

አባቶቻችን «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። ሰው በእጁ የያዘውን ነገር ዋጋ አያውቀውም ማለት ነው። ይህ ተረት ለኮምፒውተርም ይሠራል። አንድ ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት ራም ተገጥሞለት፣ የሚጠቀመው ግን 3 ተኩል ያህሉን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀሪው አልተሰረቀም፤ አልተቃጠለም። እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም።

ይህ ጥያቄ አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ ያለበት ቤተሰብ መወሰን አለበት። እንጣለው? አገር ቤት ላለ ዘመድ እንላከው? ወይስ እናድሰው? ከውሳኔው በፊት ራሙን እንቁጠር። ቆጠራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ራም ምንድን ነው?

ራም በአማርኛ «ማህደረ ትውስታ» ይባላል። ቃሉ ረጅም ቢሆንም ትርጉሙ ቆንጆ ነው። «ማህደር» የመጣው «ኀደረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ አደረ፣ ኖረ ማለት ነው። «ማደሪያ» የሚለው የአማርኛ ቃል የቅርብ ዘመዱ ነው። የድሮ የብራና መጻሕፍት የሚቀመጡበት የቆዳ ማኅደርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው። ስለዚህ ማህደረ ትውስታ ማለት «የትውስታ ማደሪያ» ማለት ነው።

በንግግር ግን ሰው ሁሉ «ራም» ይላል። «ሜሞሪ» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አገር ቤት «ሜሞሪ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የስልክ ሜሞሪ ካርድን ነው። ዘመዳችሁ በስልክ «ሜሞሪው ሞላ» ካላችሁ፣ «ራሙ ነው ወይስ ማከማቻው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በወጥ ቤት እንየው። ማከማቻ ማለት ጓዳ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ጤፉ እዚያ ይቀመጣል። መብራት ቢጠፋም ከጓዳው የሚጠፋ ነገር የለም። ራም ደግሞ ሽንኩርት የምንከትፍበት ጠረጴዛ ነው። የምንሠራበትን ብቻ አውጥተን እዚያ እናደርጋለን። ሥራው ሲያልቅ ጠረጴዛው ይጸዳል። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን ዕቃ ለማስቀመጥ ሌላውን ወደ ጓዳ መመለስ አለብን። መመላለሱ ጊዜ ይወስዳል። ላፕቶፕ «ተንቀረፈፈ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህ ሲሆን ነው።

መለኪያው ባይት ይባላል። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ስለሆነ 9 ባይት ነው። 8 ጊጋባይት ራም ደግሞ 8,589,934,592 ባይት ነው። በዚህ ስሌት ከ2 ቢሊዮን 800 ሚሊዮን በላይ የአማርኛ ፊደል ይይዛል። ግማሹ ሲጠፋብን የሚጠፋው ትንሽ ነገር አይደለም።

እንዴት እናያለን?

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ «ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡ። «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱ፤ ወደ ታች ወርዳችሁ «አባውት» የሚለውን ተጫኑ። እዚያ ሁለት መስመር አንብቡ።

የመጀመሪያው «ኢንስቶልድ ራም» ይላል፤ የተገጠመ ራም ማለት ነው። አንዳንዴ ከጎኑ በቅንፍ ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ዊንዶውስ ሊጠቀምበት የሚችለው ራም ነው። ሁለተኛው መስመር «ሲስተም ታይፕ» ይላል። ስርዓተ ክወናው ባለ 32 ቢት ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑን፣ ፕሮሰሰሩም ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል። ስርዓተ ክወና ማለት ኮምፒውተሩን የሚመራው ዋና ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ፣ ማክኦኤስ እና ሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች ናቸው።

አሁን ሁለቱን የራም ቁጥሮች አወዳድሩ። ከ8 ውስጥ 7.8 ከሆነ አትጨነቁ፤ ጤነኛ ነው። ከ8 ውስጥ 3.4 ከሆነ ግን ምክንያት አለው። የተገጠመው ራሱ ከጠበቃችሁት ካነሰ፣ ለምሳሌ 8 ብላችሁ ገዝታችሁ 4 ካለ፣ ያ ሌላ ችግር ነው። ሁሉንም ተራ በተራ እናያቸዋለን። ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ነው።

አንደኛ፦ ምልክት የተደረገባት ሳጥን

ዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» የሚባል መስኮት አለ። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ስሙን ጽፋችሁ ክፈቱት። «ቡት» ወደሚለው ክፍል ሂዱና «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ተጫኑ። «ማክሲመም ሜሞሪ» የምትል ትንሽ ሳጥን ታያላችሁ። ምልክት ካለባት ዊንዶውስ ከተጻፈው ቁጥር በላይ እንዳይጠቀም ታዟል ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ላፕቶፑን የሚያፈጥን መስሎት ይህችን ሳጥን ይነካል። ምልክቱን አጥፉ፤ ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ችግሩ ይህ ብቻ ከሆነ እዚህ አለቀ።

ሁለተኛ፦ ለስክሪኑ የተሰጠ ድርሻ

ብዙ ላፕቶፕ ለምስል የተለየ የራሱ ራም የለውም። ስለዚህ የምስሉ ክፍል ከዋናው ራም ቆርሶ ይወስዳል። ምን ያህል እንደተወሰደ ለማየት «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። «ታስክ ማኔጀር» ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ» የሚለውን ምረጡ። «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ለማሽኑ ክፍሎች የተያዘው ድርሻ ነው። ጥቂት መቶ ሜጋባይት የተለመደ ነው። በጣም ከበዛ፣ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ «ባዮስ» ከሚባለው የመነሻ ገጽ መቀነስ ይቻላል።

ሦስተኛ፦ አሳንሰሩ የማይደርስበት ፎቅ

ከ8 ውስጥ 3 ተኩል ገደማ ብቻ ሲታይ፣ ዋናው ተጠርጣሪ ባለ 32 ቢት ስርዓተ ክወና ነው። ነገሩን በሕንፃ እንየው። አንድ ባለ 8 ፎቅ አፓርታማ አስቡ። አሳንሰሩ ውስጥ ያሉት ቁልፎች ግን ከ1 እስከ 4 ብቻ ናቸው። ደረጃም የለም። ከ5 እስከ 8 ያሉት ፎቆች ተሠርተዋል፤ ቀለም ተቀብተዋል። ማንም ግን አይደርስባቸውም። በዚያ ላይ የ4ኛው ፎቅ አብዛኛው ክፍል ለጥበቃና ለፖስታ ቤት ተይዟል። ለነዋሪው የሚቀረው ሦስት ፎቅና ጥቂት ክፍል ነው።

በኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ባይት አድራሻ አለው። አድራሻው የሚጻፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። አድራሻው 1 ቢት ከሆነ 2 ቦታ መጥራት ይቻላል፤ 2 ቢት ከሆነ 4፤ 3 ቢት ከሆነ 8። እንዲህ እያጠፍን 32 ስንደርስ 4,294,967,296 እናገኛለን። ይህ ልክ 4 ጊጋባይት ነው። ከዚህ አድራሻ ውስጥ የተወሰነው ለምስል ካርድ፣ ለኔትወርክና ለሌሎች ክፍሎች ይሰጣል። ስለዚህ ለፕሮግራሞች የሚተርፈው ከ3 እስከ 3 ተኩል ጊጋባይት ገደማ ነው።

ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒውተር አድራሻ 20 ቢት ነበር፤ መጥራት የሚችለው 1,048,576 ባይት ብቻ ነው። ከዚያም ለፕሮግራሞች የተተወው 640 ኪሎባይት ነበር። የቀረው ለስክሪንና ለሌሎች ክፍሎች ተይዟል። በ1995 የወጣው የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮ አድራሻውን ወደ 36 ቢት አሳድጎ እስከ 64 ጊጋባይት እንዲደርስ አደረገ። ሊኑክስ ይህን መንገድ ይጠቀምበታል። ለቤት የተሠሩት ባለ 32 ቢት ዊንዶውሶች ግን በ4 ጊጋባይት ቆሙ። ኤኤምዲ ከ2003 ጀምሮ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰሮችን ሲሸጥ አዲስ በር ተከፈተ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት እትም ጨርሶ የለውም።

የምሥራቹ እዚህ ላይ ነው። «ሲስተም ታይፕ» ላይ «32 ቢት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኤክስ64 ፕሮሰሰር» የሚል ካነበባችሁ፣ ሕንፃው ጤነኛ ነው፤ የሚቀየረው የአሳንሰሩ ቁልፍ ብቻ ነው። ባለ 64 ቢት ስርዓተ ክወና መጫን ትችላላችሁ።

ቅያሪው እንዴት ይደረጋል? ከ32 ወደ 64 በቀጥታ ማሳደግ አይቻልም። እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። ይህም ማለት በማከማቻው ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ወደ ሁለት ቦታ መገልበጥ ነው። አንዱን በውጭ ማከማቻ፣ ሌላውን በኢንተርኔት ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ላይ መጫኛውን ከማይክሮሶፍት አውርዱ። ላፕቶፑ ቀድሞ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ከነበረውና እትሙ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ አዲስ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም። ማሽኑ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ካሟላ እሱን ጫኑ። ካላሟላ ሊኑክስ ሚንት በነፃ ይገኛል፤ የደህንነት ማሻሻያም ያገኛል። ማሻሻያ በማያገኝ ዊንዶውስ የባንክ ሥራ መሥራት ግን አይመከርም።

አራተኛ፦ በደንብ ያልገባ ራም

የተገጠመው ራም ራሱ አንሶ ከታየ ሽፋኑን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ዝጉ። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። እጃችሁን ባዶ ብረት ላይ አሳርፉ፤ በሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ራሙን ሊጎዳው ይችላል። በትንሽ ካቻቪቴ ብሎኖቹን ፈትታችሁ ቁጥራቸውን ያዙ።

ራሙ እንደ ማስቲካ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ነው። ሁለት ከሆኑ አንዱን አውጡና ላፕቶፑን በሌላው ብቻ ሞክሩ። ከዚያ ተራውን ቀይሩ። በዚህ መንገድ የተበላሸው ራሙ ይሁን ማስገቢያው ታውቃላችሁ። ስትመልሱት ጋደም አድርጋችሁ አስገቡ፤ ከዚያ ወደ ታች ጫን አድርጉ። ጎንና ጎኑ ያሉት መያዣዎች «ቀጭ» ሲሉ ገብቷል። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ እሱን መንካት አይቻልም።

አዲስ ራም መግዛት ካለባችሁ ዓይነቱን ለዩ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ይመሳሰላሉ፤ ግን መሃል ላይ ያለችው ቁራጭ ቦታዋ ይለያያል። አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። በግድ አትግፉ። የራሙን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ኮምፒውተር መደብር ይዛችሁ ሂዱ። ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ሮክቪል፣ ለአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ደግሞ ፌርፋክስ ውስጥ ማይክሮ ሴንተር አለ። ላፕቶፑ ተፈቶ ሳለ መመሪያውን በሌላ ኮምፒውተር ማንበብ ከፈለጋችሁ፣ በዌይን አቬኑ ያለው የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍትና በዱክ ስትሪት ያለው የአሌክሳንድሪያ ቢትሊ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ክፍት ናቸው።

አምስተኛ፦ የማይታለፍ ወሰን

አንዳንድ ወሰን በልፋት አይነሳም። ቦርዱ የሚቀበለው የራም መጠን ተወስኖ ነው የሚሠራው። ለምሳሌ ከ2006 ጀምሮ በብዙ ላፕቶፖች ላይ የነበረው የኢንቴል 945 ቺፕሴት ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፤ ባለ 64 ቢት ስርዓተ ክወና ብንጭንበትም አራቱን በሙሉ አያሳይም። ስርዓተ ክወናውም የራሱ ወሰን አለው። ዊንዶውስ 7 ስታርተር የሚቀበለው 2 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ሆም ግን እስከ 128 ጊጋባይት ይቀበላል። ራም ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ፈልጋችሁ ከፍተኛውን መጠን አንብቡ። ማሽኑ ከ4 የማያልፍ ከሆነ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት።

ለቤተሰብ በአማርኛ ማስረዳት

ይህን ሁሉ ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ለባለቤቱ ማስረዳት ነው። በብዙ ቤት የኮምፒውተር ሐኪሙ ልጁ ወይም ልጅቷ ናት። የላፕቶፑ ባለቤት ደግሞ አባት፣ አክስት ወይም አጎት ነው። እስቲ አንዲት ልጅና አጎቷ ሲነጋገሩ እንስማ።

— ጋሼ፣ ላፕቶፑን ሲሸጡልዎ ስንት ራም አለው አሉዎት?

— ስምንት ነው ያሉኝ። ግን በጣም ይንቀረፈፋል።

— አየሁት፤ ስምንቱም ተገጥሟል። ዊንዶውሱ ግን የሚያውቀው 3.4ቱን ብቻ ነው።

— ታዲያ አታለሉኝ ማለት ነው?

— የለም፣ አላታለሉዎትም። የተጫነበት ዊንዶውስ አሮጌ ዓይነት ነው፤ ከአራት በላይ መቁጠር አይችልም። በአዲሱ ልቀይርልዎ እችላለሁ። ግን መጀመሪያ ፎቶዎችዎን ማውጣት አለብን።

— አደራ! የእናቴ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። እሱ ከሚጠፋ ላፕቶፑ እንደተንቀረፈፈ ይቅር።

— ሁለት ቦታ እገለብጠዋለሁ። እርስዎ ከፍተው ካላዩት በቀር ምንም አልነካም።

— ተባረኪ ልጄ።

ልጅቷ «አሉዎት»፣ «ፎቶዎችዎ»፣ «ከፍተው» ትላለች። ይህ የአክብሮት አነጋገር ነው። አጎቷ ግን እሷን «ተባረኪ» ይላታል። ሌላም ነገር አስተውሉ። አጎቷ የፈራው ለራሙ አይደለም፤ ለእናቱ ፎቶ ነው። ልጅቷም «ከፍተው ካላዩት በቀር አልነካም» ስትል የሰጠችው ቃል ከማንኛውም ቴክኒክ ይበልጣል። ፎቶዎቹ በሁለቱም ቦታ መከፈታቸውን ባለቤቱ በዓይኑ ሳያይ መጫን አይጀመርም። የተደመሰሰ ፎቶ በ8 ጊጋባይት ራም አይመለስም።

ላፕቶፑ ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ይህን ሥራ እዚሁ ጨርሱ። መጫኛው ብዙ ጊጋባይት ነው። እዚያ ኢንተርኔት በፓኬጅ የሚገዛ ተማሪ ያንን ለማውረድ ብዙ ብር ያወጣል። በመጫን መሃል መብራት ቢጠፋና ባትሪው ደካማ ከሆነ ሥራው ይበላሻል። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከመነሳቱ በፊት ስምንቱን የሚቆጥር ላፕቶፕ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ሙሉ ስጦታ ነው። አራቱን ብቻ የሚቆጥር ላፕቶፕ ግን ግማሽ ስጦታ ነው፤ ተቀባዩም ግማሽ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ሻንጣ ስትሸክፉ ደግሞ ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ባትሪ ስላለው እዚያ መሆኑ ይመረጣል።

የሳምንቱ ቃላት

ማህደረ ትውስታ፦ ራም፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል።

ማከማቻ፦ ፎቶና ሰነድ በቋሚነት የሚቀመጥበት ክፍል።

ተንቀረፈፈ፦ በጣም ዘገየ፣ ቀስ አለ።

ገጠመ፦ አንድን ዕቃ በቦታው አስገባ። ራም ይገጠማል።

ጫነ፦ ፕሮግራምን ኮምፒውተር ላይ አስገባ። ዊንዶውስ ይጫናል።

ገለበጠ፦ ሌላ ቅጂ አደረገ። ይህ ቃል «ላዩን ወደ ታች አዞረ» የሚል ትርጉምም አለው።

ካቻቪቴ፦ ብሎን መፍቻ። ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው።

አሳንሰር፦ ሰውን ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያወጣና የሚያወርድ መሣሪያ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ በቤታችሁ ካሉት ላፕቶፖች አንዱን ክፈቱና ሁለቱን የራም ቁጥሮች አንብቡ። ከዚያ ያገኛችሁትን ለባለቤቱ በአማርኛ ንገሩ። «ራሙ 8 ነው፤ የሚያውቀውም 7.8 ነው፤ ጤነኛ ነው» ብትሉ እንኳ ጥሩ ወሬ ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ ግን በመሳቢያው ውስጥ ወርቅ አግኝታችኋል።

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!